ብክነቱን እየለቀምን ነው፣ ትዕዛዙ ግን አሁንም ይዘገያል

ፈረቃ_መሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው።

የምናመርተው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥን ነው። ላሜራው ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ በግራይንደር ይስተካከላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ይገጣጠማል። ከሦስት ወር በፊት «ሊን እንጀምር» ተባለና (ሊን ብክነትን እያስወገዱ የማምረት ዘዴ ነው) ስልጠና ወሰድን። ሰባቱን ብክነቶች በትልቁ ጽፈን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። አምስቱን ማዎች፣ ማለትም የሥራ ቦታን በሥርዓት የማደራጀት አምስት እርምጃዎችን፣ ሠራን። የማይፈለገው ተጣርቶ ወጣ፣ መፍቻው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ወለሉ ላይ መስመር ተሰመረ። የላሜራ ቁርጥራጭም ቀንሷል። ቤቱን ያየ ሁሉ ያደንቃል።

ችግሩ ግን ደንበኛ ካዘዘ እስከሚረከብ ድረስ ያለው ጊዜ ንቅንቅ አላለም። እንደ ድሮው ሦስት ሳምንት ግድም ነው። የትርፍ ሰዓትም አልቀነሰም። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ላይ ታች ሲሉ ነው የሚውሉት፣ ቁጭ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሥራ አስኪያጃችን «ብክነት ቀነስን ካላችሁ ጊዜው የት ገባ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ዝርዝሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ከመጠን በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ መሥራት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴ፣ ብልሽት። አንዳንዴ ሁሉም ያለብን ይመስለኛል፣ አንዳንዴ አንዱም የለብን ይመስለኛል። ከየት ልጀምር?

ገምባ_ወራጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ፣ ሪፖርት አስገብቶ ያልፋል። አንተ ውጤቱን ፈለግህ።

እስካሁን የተከታተላችሁት ማንን ነው? ሰውን አይደለም? ሰውየው ይሠራል ወይ፣ ማሽኑ ይዞራል ወይ፣ ወለሉ ጸድቷል ወይ። አሁን ሰውን ተወውና ሳጥኑን ተከተል።

ነገ ጠዋት ከመቁረጫው ከሚወጡት ላሜራዎች አንዷን ምረጥ። ቀይ ካርድ እሰርባት። ሰዓትና ደብተር ያዝ። በየጣቢያው አራት ነገር ጻፍ፤ መቼ ደረሰች፣ መቼ ተጀመረች፣ መቼ አለቀች፣ መቼ ተነሣች። ማንንም «እቺን ቶሎ በሉልኝ» እንዳትል። ቅድሚያ ከተሰጣት ልኬቱ ከንቱ ነው። ሲስተም ላይ የተመዘገበውን ሰዓትም አትመነው፤ ሰው ሲመቸው ነው የሚያስገባው። በዓይንህ እይ።

ስትጨርስ ደብተሩን ለሁለት ክፈለው። ላሜራዋ በእውነት የተለወጠችበት ደቂቃ ባንድ በኩል፣ የቀረው ሁሉ በሌላ በኩል። ደንበኛ የሚከፍልህ ለመጀመሪያው ነው።

የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት የቀረጸው ታይቺ ኦኖ ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ይሥል ነበር። ኢንጂነሩን እዚያ ውስጥ ያቆመውና «እይ» ብሎት ይሄዳል። ሰዓታት ቆይቶ ይመለስና ምን እንዳየ ይጠይቀዋል። እኔም ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ የሚታይህ የሰው ሩጫ ነው። ከቆየህ በኋላ ዓይንህ ወደቆመው ዕቃ ይዞራል። የፈለግኸው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ስሌት_ወዳድ

ቀይ ካርዷ ዞራ እስክትጨርስ ሳምንታት ትወስዳለች። እስከዚያው ዛሬውኑ የምትሠራው አጭር ስሌት አለ። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ነው፤ ለወረፋም ለፋብሪካም ይሠራል።

መስመሩ ላይ ያለውን ያላለቀ ሥራ ቁጠር። በቀን አልቆ በሚወጣው ብዛት አካፍለው። መልሱ አንድ ሳጥን ከገባ እስኪወጣ በአማካይ የሚፈጅበት ቀን ነው። አለቀ።

ከዚህ ሕግ ማምለጫ የለም። ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢቀላጠፍ፣ በመስመሩ ላይ ያለው ካልቀነሰ ወይም በቀን የሚወጣው ካልጨመረ ቀኑ አያጥርም። ስትቆጥር ጋሪ ላይ ያለውን፣ ጥግ ላይ የተደገፈውን፣ ለእርማት የተለየውንም አትርሳ።

ፈረቃ_መሪ

አሁን ቆጥሬ መጣሁ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፣ ምክንያቱም መጀመሪያ አላመንኩም።

ያላለቀ ሥራ 640 ሳጥን። በቀን የሚወጣልን 40 ነው። 16 የሥራ ቀን! ሦስት ሳምንቱ ይኸው። ማንም ሳይነግረን ወለላችን ላይ ተቆልሎ ነበር።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ማጠፊያው ፊት 110፣ በማጠፊያውና በብየዳው መካከል 290፣ ቀለም ቤቱ በር ላይ 130፣ የቀረው 110 ተበታትኖ ያለ። በጣም የገረመኝ ግን 290ው የቆመበት ቦታ ነው። እኛው ራሳችን በቢጫ ቀለም አስምረን፣ «የብየዳ ተጠባባቂ» የሚል ምልክት የተከልንበት ቦታ ነው። ቦታ ስለሰጠነው ሥርዓት ያለው መሰለን። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፣ አንድም ቀን ብክነት ነው ብዬ አላየሁትም።

ነገረ_ማሽን

ይቅርታ፣ እኔ እዚህ ጋ አልስማማም።

ያ ክምር የተቀመጠው በምክንያት ነው። የማጠፊያ ፕሬስ ውድ ማሽን ነው። ዳይ፣ ማለትም ላሜራውን ቅርጽ የሚያስይዘውን ተቀያያሪ ብረት፣ ለመቀየር ረጅም ጊዜ ይፈጃል። አንዴ ካሰርከው ብዙ ማጠፍ አለብህ፣ አለበለዚያ የመቀየሪያው ወጪ በየሳጥኑ ላይ ይቆለላል። ማሽን ቆሞ ማየትን የመሰለ ኪሳራ የለም። ክምሩን ብታነሡት ማጠፊያው አንድ ቀን ሲበላሽ ብየዳው አብሮ ይቆማል። ከዚያ ሊን የሚለውን ቃል ማንም መስማት አይፈልግም። ይህን ሲሆን አይቻለሁ።

ገምባ_ወራጅ

ነገረ_ማሽን ያነሣው ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ኦኖ ሰባቱን ብክነቶች ሲዘረዝር እኩል አድርጎ አይደለም። የከፋው ከመጠን በላይ ማምረት ነው ይል ነበር፣ ሌሎቹን ስለሚወልድ። ሳታስፈልግ የታጠፈችውን አንዲት ሳጥን አስቧት። ከታጠፈች ማስቀመጫ ትፈልጋለች፣ ያ ክምችት ነው። ወደ ማስቀመጫው ትጓዛለች፣ ከዚያ ትመለሳለች፤ ይህ ማጓጓዝ ነው። ብየዳው የሚፈልጋት ቀን ከ290 መሐል ሰው ገብቶ ይፈልጋታል፣ ይህ እንቅስቃሴ ነው። ትጫራለች ወይም ትጎብጣለች፣ ይህ ብልሽት። እሷ ማሽኑን ስትይዝ ደግሞ አስቸኳዩ ትዕዛዝ ወረፋ ይጠብቃል። ከአንዲት አላስፈላጊ ማጠፍ ይህ ሁሉ ወጣ።

«የቆመ ማሽን ኪሳራ ነው» የሚለውን እኔም ለዓመታት አምኜዋለሁ። ነገር ግን ማሽኑ ማንም ያልጠየቀውን ሲሠራ ላሜራውን በላ፣ መብራቱን በላ፣ የሰውየውን ቀን በላ። የቆመው ማሽን ቢያንስ ላሜራውን ይተውልሃል። የአንዱ ሳጥን ዋጋ ወረቀት ላይ ይቀንሳል፣ ገንዘቡ ግን ወለሉ ላይ ተኝቷል።

ቶዮታዎች ይህን የተማሩት በችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኩባንያው ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር። ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ሆነ፣ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ከፕሬዚዳንትነት ወረደ። በቁልል ላይ የሚያስቀምጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የሚያስፈልገውን፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ መሥራት ለእነሱ የመኖር ጉዳይ ነበር። «ሊን» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ጆን ክራፍቺክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ ነው የተጠቀመበት።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። ክምር ችግርን ይደብቃል። ማጠፊያው ቢበላሽ ብየዳው ሰባት ቀን የሚሠራው ስላለው ማንም አይጮህም። ጥገናው ነገ ይደርሳል። ማዕዘኑ ቢዛባም እንደዚያው፤ በያጁ እጅ እስኪገባ ሳምንት ያልፋል። ያኔ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዳይ፣ በየትኛው ላሜራ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ፈረቃ_መሪ፣ ያ ክምር ከስሩ የሆነ ነገር ሸፍኗል። ምን እንደሆነ ግን እዚህ ተቀምጬ ልነግርህ አልችልም።

ብየዳ_ላይ_ነኝ

እኔ አለቃ አይደለሁም፣ በያጅ ነኝ። ሌላ ቦታ ነው የምሠራው፣ ግን ሥራችን ተመሳሳይ ነው። ምን እንደሸፈነ ልንገርህ፤ ቢያንስ እኛ ጋ ምን እንደሸፈነ።

ሳጥኑ ታጥፎ ሲመጣልኝ ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ ጠርዞች መነካካት አለባቸው። ብዙ ጊዜ አይነካኩም። ሦስት ሚሊ የሚሆን ክፍተት አለ። ሽቦ ደጋግሜ እየጨመርኩ እሞላዋለሁ። ሲሞላ ጉብ ይላል። ከዚያ ግራይንደር የያዘው ልጅ ጉብ ያለውን ሲፍቅ ይውላል። እኔ እጨምራለሁ፣ እሱ ያነሣል። ሁለታችንም ላባችን ጠብ እስኪል እንሠራለን። የሚያየን ሰው «ጎበዞች» ይለናል። ደንበኛው ግን የከፈለው ለቀጥ ያለ ማዕዘን ነው።

አንድ ቀን የጊዜ ጥናት የሚሠራ ሰው ስቶፕዎች ይዞ መጣ። የግራይንደሩን ልጅ አጠገቡ ቆሞ ለካው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም። ከሳምንት በኋላ «መፋቂያው በአምስት ደቂቃ ይለቅ» የሚል ታርጌት ወረደ። ክፍተቱ ለምን እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። ልጁ የፈጠነው ጓንትና መነጽር እየተወ ነው። እኔ ያኔ ተናደድኩ፣ አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል።

እባክህ ፈረቃ_መሪ፣ ሰዓት ይዘህ ስትወርድ መጀመሪያ ለምን እንደያዝክ ንገራቸው። ሳጥኗን እንደምትለካ እንጂ እነሱን እንዳልሆነ ይወቁ። እና ደግሞ አንድ ሥራ ሲቀር የሠራተኛው እንጀራ አብሮ እንደማይቀር ከላይ ቃል አስገባላቸው። ያ ቃል ከሌለ ማንም ብክነቱን አያሳይህም። እኔም አላሳይም ነበር።

ፈረቃ_መሪ

ወንድሜ በጣም አመሰግናለሁ። ያልከውን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ አነበብኩለት። የግራይንደር ሥራ እኛ ጋም አለ። በየሳጥኑ 7 ደቂቃ ነው፣ በሥራ ቅደም ተከተሉ ላይ ራሱን ችሎ ተጽፏል። አስፈላጊ ደረጃ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ስፌት_መስመር

የልብስ ስፌት መስመር ነው የምመራው። ብረት ባይሆንም ያው ነው፣ እኛም የተቆረጠውን ጨርቅ 30፣ 30 አድርገን አስረን ነበር የምናስተላልፈው። ኮሌታ የምትሰፋዋ ልጅ 30ውን ጨርሳ ነው ለቀጣይዋ የምትሰጠው። አንድ ቀን የመርፌዋ አቀማመጥ ተዛብቶ ስፌቱ ወደ ጠርዝ ሸሽቶ ነበር። ቀጣይዋ ስታየው ሠላሳውም አልቋል። ሠላሳ ኮሌታ ተረተረ። ወደ አምስት ዝቅ ስናደርገው እንዲያ ያለ ስሕተት አምስት ላይ ይያዝ ጀመር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ በጉጉት በአንድ ጊዜ አንድ አንድ እናስተላልፍ ብለን ነበር፣ ከሸፈ። የአንዷ ሥራ ሃያ ሰከንድ፣ የሌላዋ ሃምሳ ነበር። ሃምሳ የሚፈጅባት ልጅ ላይ ጫናው ወደቀ፣ ትከሻዋን አመማት። ስለ ሙዳ፣ ማለትም ስለ ብክነት፣ ብቻ እያወራን ሙራንና ሙሪን ረስተን ነበር። ሙራ ያልተመጣጠነ ሥራ ነው፣ ሙሪ ሰውን ወይም ማሽንን ከአቅም በላይ መጫን። እነዚህ ሁለቱ እያሉ ብክነት ብታወጡትም ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ሥራውን አከፋፍሉት፣ ከዚያ ቀንሱ።

ባለ_መፍቻ

ሁላችሁም ስለ ክምሩ አወራችሁ፣ ወላጁ ግን የዳይ ቅየራው ነው። ነገረ_ማሽን ልክ ነው፤ ቅየራው ረጅም እስከሆነ ድረስ ማንም ሰው ብዙ ያጥፋል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ስለዚህ ሰውየውን «ጥቂት እጠፍ» ከማለት በፊት ቅየራውን አሳጥሩለት።

ሺጌዮ ሺንጎ በዚህ ሥራ የታወቀ ኢንጂነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶዮታ ውስጥ የአንድ 1000 ቶን ፕሬስ ቅየራ አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር። እሱና የፋብሪካው ሰዎች መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ አወረዱት፤ ቆይቶ ወደ 3 ደቂቃ። ምስጢሩ መሮጥ አይደለም። ሥራውን በሁለት መክፈል ነው። ማሽኑ ካልቆመ በስተቀር የማይሠራው ባንድ ወገን፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሊዘጋጅ የሚችለው በሌላ ወገን።

እንዲህ አድርጉ። የሚቀጥለውን ቅየራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልክ ቅረጹት። ከመጨረሻዋ ጥሩ ሳጥን እስከ ቀጣዩ ዓይነት የመጀመሪያ ጥሩ ሳጥን ድረስ። ከዚያ ቀያሪውን ራሱን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አብራችሁ እዩት። እሱ ነው «እዚህ ጋ መፍቻ ፍለጋ ሄጄ ነው» የሚላችሁ።

ስለ ብሎን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የምወደው ነገር ነው። ብሎን የሚጠብቀው በመጨረሻው ዙር ነው፣ የሚላላውም በመጀመሪያው ዙር። በመካከል ያለው ዙር ሁሉ እጅ ማድከም ነው። በአንድ ጎኑ የተከፈተ ሮንዴላ አሠሩ። ብሎኑን አንድ ዙር ታላሉታላችሁ፣ ሮንዴላው ወደ ጎን ይወጣል፣ የዳዩ ቀዳዳ ከብሎኑ ራስ ሰፋ ካለ ብሎኑ ሳይወልቅ ዳዩ ይነሣል። የዳዮቹ መቀመጫ ከፍታ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ከስር ብረት ጨምራችሁ እኩል አድርጉት፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ዓይነት ብሎን ይታሰራል።

ነገረ_ማሽን

ባለ_መፍቻ ያልከው ገብቶኛል። ቅየራው ካጠረ የእኔ ክርክር ግማሹ ይወድቃል፣ እቀበላለሁ።

ግማሹ ግን ይቆማል። ላሜራ አቅራቢው አንድ ሳምንት ያመጣል፣ ሌላ ሳምንት ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ ጥሬ ዕቃውን ጭምር ባዶ ማድረግ እብደት ነው። ማሽን በየሳምንቱ የሚበላሽበት ቤት ውስጥም ክምሩን ባንድ ቀን ማንሣት ልጆቹን መቅጣት ነው።

ገምባ_ወራጅ

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መጠባበቂያ ክምችት ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ለምን እንደተቀመጠና ስንት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ነው። «አቅራቢው እስከ አምስት ቀን ይዘገያል፣ ስለዚህ የአምስት ቀን ላሜራ» ካልክ ታስቦበት የተቀመጠ ነው። 290ው ግን ማንም ሳይወስን የተጠራቀመ ነው። ዝቅ ስታደርግም ቀስ በቀስ ነው፤ ትንሽ ቀንስ፣ የወጣውን ችግር ፍታ፣ እንደገና ቀንስ። ጥሬ ዕቃውን ለጊዜው አትንካው።

ፈረቃ_መሪ

ካርዷ ዞራ ጨረሰች። ዘግይቼ የተመለስኩት ለዚያ ነው።

15 የሥራ ቀን ፈጀባት። በስምንት ሰዓት ቢቆጠር 7200 ደቂቃ ነው። ሥራ የተሠራባት 75 ደቂቃ ብቻ ነው። መቁረጥ 2፣ መብሳት 3፣ ማጠፍ 6፣ ብየዳ 14፣ ግራይንደር 7፣ ቀለም ከምድጃው ጋር 25፣ መገጣጠም 18። ግራይንደሩን ካወጣሁት 68 ይቀራል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሦስት ወር ሙሉ ስንሯሯጥ የነበረው በዚች አንድ እጅ ውስጥ ነበር። ብየዳው ፊት ብቻ 7 ቀን ቆማለች፣ ካርዷ ላይ አቧራ ተቀምጦባት አገኘኋት።

መጀመሪያ ግን ቃሉን አስገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ በሁሉም ፊት «በዚህ ሥራ ምክንያት ማንም አይቀነስም» አለ። በማግስቱ በያጃችን ራሱ ጠርቶ ማዕዘኑን አሳየኝ። ክፍተቱን በመለኪያ ለካነው፣ 3 ሚሊ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን። ለምን ክፍተት መጣ? የታጠፈው ጎን በአንድ ጫፍ ስለሚያጥር። ለምን ያጥራል? ላሜራው ፕሬሱ ውስጥ ገብቶ የሚያርፍበት የኋላ ማቆሚያ በአንድ በኩል ስለተበላ። ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት፣ ጎድጉዷል፤ ላሜራው እየመታው ቦይ አውጥቶበታል። ለምን አልተቀየረም? በጥገና ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ። ማንም ረስቶት አይደለም፣ ተጽፎ አያውቅም።

ማቆሚያው ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ተቀየረ። ክፍተቱ ከ1 ሚሊ በታች ወረደ። ግራይንደር ከ7 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ። በያጁ ሽቦ በጣም እንደቀነሰለት ነግሮኛል፣ ገና አልለካሁትም። ማቆሚያው አሁን በየወሩ የሚታይ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ገብቷል።

ቅየራውንም ቀረጽነው። 95 ደቂቃ። ዳዩን ከስቶር ፈልጎ ማምጣት 22፣ ፎርክሊፍት መጠበቅ 15፣ መፍታትና ማሰር 26፣ እየሞከሩ ማስተካከል 32። ቀያሪው ቪዲዮውን ሲያይ ዝም አለ፣ ከዚያ «እኔ እኮ 37 ደቂቃ ማሽኑ ጋ አልነበርኩም» አለ። ዳዩንና ፎርክሊፍቱን አስቀድመን ስናዘጋጅ ያለ ምንም ወጪ 58 ሆነ። ከዚያ ሁለት ማዕከል መያዣ ፒን አስገባን፤ ዳዩ ገብቶ ሲቀመጥ ቦታውን ራሱ ያገኛል። ማስተካከያው በ20 ደቂቃ ቀነሰ። አሁን 38 ላይ ነን። ብሎኖቹን ገና አልነካንም። ባለ_መፍቻ፣ የተከፈተውን ሮንዴላ ለወርክሾፑ አዝዣለሁ።

ስሌት_ወዳድ

ግሩም ነው። አንድ ነገር አስሉ። በፊት በአንድ ቅየራ ስንት ነበር የምታጥፉት? 200 ከሆነ፣ 95 ደቂቃ ለ200። ቅየራው 38 ከሆነ በዚያው ወጪ 80 ማጠፍ ትችላላችሁ። ማሽኑ ላይ ምንም ተጨማሪ ጊዜ አታጠፉም።

ፈረቃ_መሪ

አዎ፣ 200 ነበር። 80 አድርገነዋል።

ከብየዳው ፊት ያለውን ቢጫ ቦታ ደመሰስነው። በምትኩ ሁለት አራት ማዕዘን ብቻ ሣልን፣ እያንዳንዱ 80 ይይዛል። ሁለቱም ከሞሉ ማጠፊያው ይቆማል፤ አንዱ ባዶ ሲሆን ይቀጥላል። ሌላ ወረቀትም ትዕዛዝም የለም።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ማጠፊያው አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። ሠራተኛው ተጨነቀ፣ ሰው ሲያልፍ ማሽኑን ይጠርግ ጀመር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። «ያጠፋኸው ነገር የለም፣ መቆም ነበረበት» አልኩት። ያን ጊዜ ለቀጣዩ ዳይ ዝግጅት እንዲያውለው ተስማማን። የግራይንደሩ ልጅም ከሰዓት በኋላ ነጻ ስለሚሆን ዳይ የሚያዘጋጀው እሱ ሆኗል። እየተማረ ነው፣ ደስ ብሎታል።

ብየዳ_ላይ_ነኝ

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ለልጁ ሰላምታ በልልኝ።

ነገረ_ማሽን

በሐቀኝነት እጠይቃለሁ፤ በቀን የሚወጣው አልቀነሰም? ማጠፊያው ሲቆም መገጣጠሚያው አልተራበም?

ፈረቃ_መሪ

አልቀነሰም፣ 40 ነው። አንድ ቀን 37 ወርዶ ነበር፣ ምክንያቱ ግን የቀለም ምድጃ ነው። ትናንት እንደገና ቆጠርኩ። ያላለቀ ሥራ 400 ሆኗል፣ ማለትም 10 ቀን። ከአንድ ደንበኛ ጋር የ12 ቀን ቀጠሮ ይዘናል፤ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ይዘን አናውቅም።

ክምሩ ግን አልጠፋም፣ ከፊሉ ቦታ ቀየረ። ቀለም ቤቱ በር ላይ 130 የነበረው 170 ደርሷል። ቀለም ቀቢዎቹ ቀለም ለመቀየር ማጠቢያ ብለው ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ መሰለኝ፣ ግን እየገመትኩ ነው። ነገ ጠዋት ፈረቃው ሲገባ ደብተሬን ይዤ እዚያ በር ላይ እቆማለሁ። ሳጥኖቹ የሚሰቀሉባቸው መንጠቆዎች ባዶ የሚያልፉበትን ጊዜም እቆጥራለሁ። ቀለም ቤት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ሌላ ምን ልይ?